የመጀመሪያውን የዌስተርን ኮርቻ ለሚሠራ ሰው፦ ከእንጨቱ እስከ አበባው ምን ይመረጥ?

የዌስተርን ኮርቻ፣ ማለትም የአሜሪካ ከብት ጠባቂዎችን (የካውቦይ) ኮርቻ፣ ለመሥራት የሚነሣ ሰው መጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፈው አበባው ላይ ነው። በቀሚሱ፣ ማለትም ከመቀመጫው ሥር በፈረሱ ጎን በሚዘረጋው ሰፊ ቆዳ፣ ጥግ የተጠማዘዘው ሐረግ፣ በኋላ መደገፊያው ጀርባ የፈካው ጽጌረዳ፣ ከጠፍሩ ሥር የሚያብረቀርቀው የብር ጌጥ ልብ ይወስዳል። እኔንም ወደዚህ ሥራ ያመጣኝ ይኸው ነው። ሁለት ኮርቻ ጨርሼ ሦስተኛውን ስጀምር ግን በፊቴ ያሉት ምርጫዎች ክብደታቸው አንድ እንዳልሆነ ተረዳሁ። አንዳንዱ ስሕተት ነገ ይታረማል፤ የደበዘዘ ቀለም ይታደሳል፣ ያልወደዱት ጌጥ ይነቀላል። አንዳንዱ ግን ቆዳ ለብሶ፣ ተሰፍቶና ተቸንክሮ ከሥር ይቀራል፤ እርሱን ለማስተካከል ኮርቻውን በሙሉ መፍታት ያስፈልጋል። ስለዚህ አማራጮቹን የማነጻጽረው በአንድ መለኪያ ነው፦ ገንዘብም ትዕግሥትም ቅድሚያ የሚገባው ተሸፍኖ ለሚቀረው ነገር ነው፤ ጌጡ የእጅን አቅም ተከትሎ ይመጣል።

ከባዶ መጀመር ወይስ አሮጌ ኮርቻ መፍታት?

ወደ ሥራው የሚያስገቡ ሦስት መንገዶች አሉ። አንደኛው እንጨትና ቆዳ ገዝቶ ከባዶ መጀመር ነው። ሁለተኛው ያረጀ ኮርቻ ፈትቶ መልሶ መሥራት ነው። ሦስተኛው አንድ ክፍል ብቻ፣ ለምሳሌ በጋላቢው እግርና በፈረሱ ጎን መካከል የሚንጠለጠለውን የእግር መጋረጃ፣ አዲስ ቆርጦና አስጊጦ በአሮጌው ቦታ መተካት ነው።

እስካሁን ቀበቶና ቦርሳ ብቻ ለሠራ ሰው ያለማመንታት ሁለተኛውን እመርጥለታለሁ። አሮጌ ኮርቻ ሲፈታ የሠራው ሰው እንዴት ያስብ እንደነበር ያሳያል። የትኛው ክፍል ከየትኛው በፊት እንደገባ፣ ምስማሩ የት እንደተደበቀ፣ ቆዳው የት ሳስቶ የት ወፍሮ እንደተተወ በዓይን ይታያል። የወጣው እያንዳንዱ ክፍልም ለአዲሱ ቆዳ ልክ መውሰጃ ይሆናል። ልኩን እንዳለ መቅዳት ግን አይገባም፤ ለዓመታት የተጋለበበት ቆዳ ተለጥጧል ወይም ተኮማትሯል። ዙሪያውን ጥቂት ጨምሮ መቁረጥና በእንጨቱ ላይ እየሞከሩ መከርከም ይሻላል።

አሮጌ ኮርቻ ከመግዛት በፊት አንድ ፈተና አለ። ኮርቻውን ፊቱን መሬት ላይ አስደግፈው የኋላ መደገፊያውን በሁለት እጅ ከኮርቻው ፊት ወደቆመው ገመድ መያዣ፣ ወደ ቀንዱ፣ አቅጣጫ ይግፉት። መሐሉ ላይ ከታጠፈ ወይም ከተንቋቋ ውስጡ ያለው እንጨት ተሰብሯል፤ ቆዳው የቱንም ያህል ቢያምር ይተዉት።

ሦስተኛው መንገድ የሚስማማው ቅርጻ ቅርጽ አስቀድሞ ለለመደ፣ ግን ኮርቻ ገጣጥሞ ለማያውቅ ሰው ነው። ጥሩ ልምምድ ነው፤ ኮርቻ መሥራትን ግን አያስተምርም።

እንጨቱ

እንጨቱ ስል የኮርቻውን አጽም ማለቴ ነው። በፈረሱ ጀርባ ግራና ቀኝ የሚተኙ ሁለት ረጃጅም ሰሌዳዎች አሉት፤ ከፊት ሹካው፣ ከኋላ ደግሞ መደገፊያው ያያይዟቸዋል፤ በሹካው ጫፍ ላይ ቀንዱ ይቆማል። የዌስተርን ኮርቻ ሥሩ ስፔናውያን ወደ ሜክሲኮ ካመጡት ኮርቻ ይመዘዛል። ባኬሮ የሚባሉት የሜክሲኮ ከብት ጠባቂዎች ለገመድ ሥራ እንዲመች አድርገው ለወጡት፤ ቀንዱም የዚያ ሥራ ውጤት ነው። አንድ ወይፈን በገመድ ተይዞ ሲወራጭ ጉልበቱ በሙሉ የሚያርፈው ቀንዱ ላይ ነው፤ ከቀንዱ ወደ ሹካው፣ ከሹካው ወደ ሰሌዳዎቹ ይወርዳል። እንጨቱ ሲመረጥ ይህን ማሰብ ያስፈልጋል።

ገበያ ላይ የሚገኙት ሦስት ዓይነት ናቸው። የመጀመሪያው በጥሬ ቆዳ የተለበጠ እንጨት ነው። ያልለፋው ቆዳ እርጥብ ሳለ በእንጨቱ ላይ ተወጥሮ በጠፍር ይሰፋል፤ ሲደርቅ ይኮማተርና ሁሉንም መጋጠሚያ ጨምቆ ይይዛል። ከዚያ እርጥበት እንዳይገባው ቫርኒሽ ይቀባል። ሁለተኛው በፋይበርግላስ የተሸፈነ እንጨት ሲሆን ከመጀመሪያው ቀለል ይላል፣ ዋጋውም ዝቅ ይላል። ሦስተኛው በቅርጽ ማውጫ የተሠራ ፕላስቲክ ነው፤ ርካሽና ቀላል ነው፣ መጠኑም ከአንዱ ወደ ሌላው አይለዋወጥም።

ለጋላቢው ልዩነቱ ክብደትና ጥንካሬ ነው። ለሠሪው ግን ሌላ ነገር ይጨመርበታል፦ ምስማር። የዌስተርን ኮርቻ ከስፌት እኩል በምስማርና በብሎን የሚያያዝ ዕቃ ነው። እንጨት ምስማርን ነክሶ ይይዛል፤ ተነቅሎ በአጠገቡ እንደገና ቢመታም ይይዛል። ጀማሪ ደግሞ መንቀሉ አይቀርም፤ እኔ የመጀመሪያውን መቀመጫ አራት ጊዜ አንሥቼ መልሻለሁ። ፕላስቲኩ በዚህ በኩል ደካማ ነው፤ ሲጎተትም ይተጣጠፋል፣ ስለዚህ ለገመድ ሥራ አይሆንም። አቅም ከፈቀደ ጥሬ ቆዳ የለበሰውን ይግዙ። ካልሆነ ፋይበርግላስ የለበሰው ለመንገድ ግልቢያ ይበቃል። ፕላስቲኩን ለመጀመሪያ ሥራ አልመክርም፤ በአንድ ኮርቻ ላይ የሚፈስሰው የሰው ጉልበት ከእንጨቱ ዋጋ ብዙ እጥፍ ስለሆነ በዚህ ቦታ መቆጠብ ትርፍ የለውም። እንጨቱን ራስ መሥራት ደግሞ ሌላ ሙያ ነው፤ ለኋላ ይቆይ።

መጠን ስንመርጥ አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረን የፊተኛው ቅስት ስፋት ነው። ለመካከለኛ ጀርባ ከ15 እስከ 16.5 ሴንቲ ሜትር፣ ለሰፊ ጀርባ ከ16.5 እስከ 18 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይባላል። ይህ ቁጥር ብቻውን ያታልላል፤ ሁሉም ሠሪ ስፋቱን ከአንድ ቦታ ተነሥቶ አይለካም። ሰሌዳው ወደ ጎን የሚያዘነብልበት ማዕዘን፣ ከፊት ወደ ኋላ የሚጠማዘዝበት መጠን፣ እንደ ጀልባ ሆድ የሚጎብጥበት ልክ እኩል ወሳኞች ናቸው። እኔ የመጀመሪያውን እንጨት የገዛሁት ቁጥሩን ብቻ አይቼ ነበር። ኮርቻው አልቆ ፈረሱ አንድ ሰዓት ከተጋለበ በኋላ ሳወርደው ጀርባው በላብ ረጥቧል፤ ከትከሻው አጥንት ኋላ ግን ግራና ቀኝ መዳፍ የሚያህሉ ሁለት ደረቅ ቦታዎች ቀርተዋል። እዚያ ላይ ሰሌዳው እጅግ ስለተጫነ ላብ አልወጣም። ያን ኮርቻ ለዚያ ፈረስ መጠቀም አልቻልኩም፤ በቀሚሱ ላይ የቀረጽኩት አበባም ምንም ሊያደርግለት አልቻለም። አሁን ማንኛውንም እንጨት ራቁቱን እንዳለ በፈረሱ ጀርባ ላይ አስቀምጬ፣ ከፊት እስከ ኋላ መዳፌን በሥሩ አሳልፌ፣ ጥብቀቱ በሁሉም ቦታ እኩል መሆኑን ሳላረጋግጥ አንድ ምስማር አልመታበትም።

ቆዳው

እዚህ ላይ በአንድ ነገር አንከራከርም፦ ሊቀረጽ የሚፈለግ ቆዳ በተክል ቅርፊት የለፋ መሆን አለበት። በክሮም፣ ማለትም በማዕድን ጨው፣ የለፋው ለስላሳ ነው፣ ውሃም በቀላሉ አያበላሸውም፤ ነገር ግን ማህተም (በመዶሻ የሚመታ የጌጥ መሣሪያ) ሲመቱበት ምልክቱን አይዝም። በተክል የለፋው ሲረጥብ እንደ ጭቃ ቅርጽ ይቀበላል፣ ሲደርቅ ያንኑ ይዞ ይቀራል። በእንጨቱ ላይ ተወጥሮ ሹካውንና መደገፊያውን እንደ ልክ ልብስ የሚለብሰውም በዚሁ ጠባዩ ነው።

ውፍረቱ በኦውንስ ይነገራል፤ 1 ኦውንስ 0.4 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ለኮርቻ የተለመደው ከ13 እስከ 15 ኦውንስ፣ ማለትም ከ5 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ለአንድ ኮርቻ በጀርባ አጥንቱ መስመር ለሁለት ከተከፈለ ቆዳ ሁለት ግማሽ ይፈጃል። ቀጠን ያለ ቆዳ መርጠን ኮርቻውን እናቅልለው የሚል ሐሳብ ለጀማሪ ይመጣል። ቢላው ለጌጥ የቆዳውን ውፍረት አንድ ሦስተኛ ያህል እንደሚገባ ያስቡ፤ ከ3 ሚሊ ሜትር ቆዳ ላይ ይህ ሲወሰድ ጭነት የሚሸከም ምን ቀረ? ወፍራሙን ገዝቶ መታጠፍ ያለበትን ጠርዝ በቢላ ማሳሳት ነው የሚያዋጣው።

የመጀመሪያ ደረጃ ቆዳና ዝቅተኛ ደረጃ ቆዳ የሚለያዩት ብዙውን ጊዜ በላይኛው ገጽ ንጽሕና ነው፦ የእሾህ ጭረት፣ የመዥገር ጠባሳ፣ የመተኮሻ ምልክት። በዚህ ረገድ አዲስ ሠሪ መካከለኛውን ደረጃ ቢገዛ ብዙ አይጎዳም፤ ጠባሳ ያለበትን ቦታ ሽመና የሚመስለው የቅርጫት ማህተም ይሸፍነዋል፣ ወይም ከላይ በማይታየው ክፍል ላይ ይውላል። የማይታለፈው የቦታ ምርጫ ነው። የእርካብ ጠፍርና የእግር መጋረጃ ከጀርባው መስመር አጠገብ ይቆረጡ፤ እዚያ ቆዳው ጥቅጥቅ ያለና የማይለጠጥ ነው። የሆዱ ቆዳ ልል ስለሆነ በመቀመጫው ውስጥ ለሚደረበው መሙያ ይተው። ከሆድ የተቆረጠ የእርካብ ጠፍር በጥቂት ወራት ውስጥ ተለጥጦ የአንዱ ወገን ከሌላው ረዝሞ ይገኛል።

ስለ ብረትም ልንገርዎ። በተክል የለፋ ቆዳ ታኒን የሚባል ከቅርፊቱ የሚመጣ ማልፊያ ንጥረ ነገር አለበት፤ እርጥብ ሳለ ብረት ከነካው ይጠቁራል። በረጠበ ቀሚስ ላይ አንድ መቀስ ለቅጽበት አስቀምጬ የመቀሱን ጥላ የመሰለ ሰማያዊ ጥቁር ምልክት አግኝቻለሁ። የሎሚ ጭማቂ ያደበዝዘዋል፤ ከሥሩ ማጥፋቱ ግን አስቸጋሪ ነው። በሥራ ጠረጴዛው ላይ የብረት ብናኝ እንዳይኖር ያድርጉ፤ ቀለበትና ጌጥ ሲገዙም ብረት ላይ ኒኬል የተቀባውን ትተው ናስ ወይም የማይዝግ ብረት ይምረጡ።

ማሰሪያውና ስፌቱ

የሆድ ማሰሪያው ቀለበት የሚያያዝበት ቦታ የጥንት ክርክር አለው። ገመዱን ቀንዱ ላይ አጥብቀው የሚያስሩት የቴክሳስ ሰዎች የፊትና የኋላ፣ ሁለት ማሰሪያ ይጠቀሙ ነበር፤ ገመዱን በቀንዱ ላይ ጠምጥመው እየለቀቁ የሚይዙት የካሊፎርኒያ ሰዎች ደግሞ በመሐሉ አንድ ማሰሪያ ይበቃቸው ነበር። ዛሬ ለጀማሪ የሚነሣው ጥያቄ ቀለበቱ በቀጥታ ከእንጨቱ ጋር ይያያዝ ወይስ በቀሚሱ ቆዳ ውስጥ ይሰፋ የሚለው ነው። ሁለተኛው ከጋላቢው እግር በታች ያለውን ጉብታ ይቀንሳል፣ ያምራልም። የቀሚሱ ስፌት ግን ፈረሱን የሚይዘው ስፌት ይሆናል ማለት ነው። ስፌትዎን እስኪያምኑት ድረስ ከእንጨቱ ጋር ያያይዙት።

በእጅ ወይስ በማሽን? ይህን ውፍረት የሚሰፋ ማሽን ግዙፍና ውድ ነው፤ ለመጀመሪያው ኮርቻ አያስፈልግም። በሁለት መርፌና በአንድ ክር የሚሰፋው የእጅ ስፌት በእያንዳንዱ ቀዳዳ ሁለት ጊዜ ያልፋል፤ አንዱ ቦታ ቢበጠስ ሌላው ይይዛል። የማሽን ስፌት ላይና ታች ክር እርስ በርስ ስለሚቆላለፍ አንድ ነጥብ ላይ ካለቀ መተርተር ይጀምራል። የወስፌው አፍ ስለት ያለው ይሁን፤ ሁሉም ቀዳዳ በአንድ አቅጣጫ ካጋደለ ስፌቱ በራሱ ጌጥ ይሆናል። ከቀሚሱ ሥር የሚገባውን አጎዛ ግን በመጨረሻ ይስፉት፤ ጸጉሩ ከክሩ ጋር እየተጠላለፈ ስለሚያስቸግር ደክሞዎት አይጀምሩት።

የኋላ መደገፊያው ጠርዝ ላይ ሁለት ምርጫ አለ፤ ቀጥ ብሎ የቆመ ጠርዝና ወደ ኋላ የተንከባለለ ጠርዝ። የተንከባለለው በአሜሪካ በዋዮሚንግ ግዛት በምትገኘው ሻይን ከተማ ስም ይጠራል፤ እጅ ለማሳረፍ ምቹ ነው፣ ገጽታውም ግርማ አለው። ስፌቱ ግን በጠማማ ቦታ ላይ ሦስት ድርብ ቆዳ ይዞ መዞርን ይጠይቃል። ቀጥ ያለውን ያስቀድሙ።

ቀለሙ ከቢላው በፊት ይወሰን

ቆዳውን በተፈጥሮ መልኩ ዘይት ብቻ አጠጥቶ መተው፣ በሙሉ ቀለም መንከር፣ ወይም በተቀረጸው ጎድጓዳ ውስጥ ብቻ ጠቆር ያለ ቅባት ማስቀረት ይቻላል። ጥቁር ወይም ጥልቅ ቡኒ ስሕተት ይደብቃል ብሎ የሚያስብ ጀማሪ ብዙ ነው። እውነቱ፣ ጥቁር ቀለም ጥልቀት የሌለውን ቅርጽ ውጦ ያስቀረዋል፤ ብዙ ቀን የተደከመበት አበባ ከሁለት ሜትር ርቀት ላይ አይታይም። የተፈጥሮ መልክ የማህተሙን ጥላ አጉልቶ ያሳያል፣ ከዓመት ዓመትም በፀሐይና በዘይት እየቀላ ይሄዳል። እኔ ይህን እመርጣለሁ። ዘይቱን በስሱ፣ በየመሐሉ እያሳደሩ ይቀቡ፤ የበዛ ዘይት ቆዳውን ያላላዋል፣ ጽናቱንም ይወስዳል።

ጌጡ፦ ቅርጫት ወይስ አበባ?

አሁን ወደ ልባችን መሻት ደረስን። የትኛውንም ጌጥ ቢመርጡ የሚወስነው የቆዳው እርጥበት ነው። ቆዳው ውሃ በሚገባ ከጠጣ በኋላ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ይደር። በማግስቱ ሲገለጥ መልኩ ወደ ደረቅ ቀለሙ ሊመለስ ጥቂት ሲቀረው፣ ጉንጭ ላይ ሲያስነኩት ግን ሲቀዘቅዝ፣ ለቢላ ደርሷል። ያኔ ቢላው ሳይጎተት ይሄዳል፤ ማህተሙ ሲመታ በሥሩ ሞቅ ያለ ቡኒ ጥላ ይተዋል። ውሃ የበዛበት ቆዳ ላይ ማህተሙ ሰምጦ ይወጣል እንጂ ጥላ አይጥልም፤ ጠርዙም ወዲያው ይሟሟል። የደረቀው ላይ ደግሞ ቢላው እየዘለለ የተቆራረጠ መስመር ያወጣል። ጥላው ሲጠፋ ካዩ ሥራውን ያቁሙና ቆዳው እስኪደርስ ይጠብቁ፤ ኃይል ጨምሮ መምታት መፍትሔ አይደለም።

የቅርጫት ማህተም አንድ መሣሪያ ነው፤ እየተደጋገመ ሲመታ የተሸመነ ሰሌን ይመስላል። ሰፊ ቦታ ቶሎ ይሞላል፣ የቆዳውን ጠባሳ ይሸፍናል፣ ለጋላቢው እግርም መጠነኛ መያዣ ይሰጣል። ቀላል ነው ማለት ግን አይደለም። ሁሉም ነገር በመጀመሪያው ረድፍ ይወሰናል፤ እርሱ በጥቂቱ ከዞረ ከሃያ ረድፍ በኋላ መዛባቱ ከሩቅ ይታያል። በእግር መጋረጃው መሐል በሰያፍ አንድ ቀጭን መስመር አስምረው ከዚያ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይሂዱ። ዳር ሲደርሱ መሣሪያውን ወደ ውስጥ ጋደል አድርገው ቀስ ብለው ይምቱ፤ ግማሹ ምልክት እየደበዘዘ ከጠርዙ ጌጥ ሥር ይጠፋል።

አበባው ሌላ ዓለም ነው። በጣት ላይ በሚዞር ቢላ ይቆረጣል፣ የመስመሩ አንድ ወገን ተመትቶ ይወርዳል፣ ቅጠሉ ጥላ ያገኛል፣ ዙሪያው መሬቱ (ከአበባው ውጭ ያለው ባዶ ቦታ) ይረገጣል፣ በመጨረሻም ነፍስ የሚዘሩበት ነጻ ቁርጦች ይታከላሉ። እነዚህ የመጨረሻዎቹ ቁርጦች የሠሪው ፊርማ ናቸው፤ ተመልሰውም አይጠገኑም። ስለዚህ በቁራጭ ቆዳ ላይ አንድ መቶ ጊዜ ይለማመዱዋቸው። ከአበባ ስልቶች ዝነኛው በዋዮሚንግ በምትገኘው ሸሪደን ከተማ ስም ይጠራል፤ ስሙ ከኮርቻ ሠሪው ከዶን ኪንግ ጋር ተያይዞ ይነሣል። ትናንሽ አበቦች ተጠጋግተው ይቀመጣሉ፣ ግንዶቹ በክብ እየዞሩ እርስ በርስ ይያያዛሉ፣ መሬቱም ጥቂትና ጥልቅ ነው። የካሊፎርኒያው ስልት አበባው ትልቅ፣ አሰፋፈሩም ሰፋ ያለ ነው። የሸሪደኑን እጅግ እወደዋለሁ፤ ለጀማሪ ግን አይመችም። ክቡ በትንሹ ከተሰበረ ፍሰቱ ይቋረጣል፣ ትንንሾቹ ቅጠሎችም ለሚንቀጠቀጥ እጅ ቦታ አይሰጡም። በትልቅ አበባ ይጀምሩ።

የእኔ ምርጫ ሁለቱን ማጣመር ነው፦ ሰፊውን ሜዳ በቅርጫት ሞልቶ በቀሚሱ የኋላ ጥጎች ብቻ አበባ ማስቀመጥ። ቦታው በምክንያት የተመረጠ ነው። መቀመጫውን ልብስ ይፈትገዋል፣ የእግር መጋረጃውን እግር ይፈትገዋል፣ የሹካውን ፊት ገመድ ይልጠዋል፤ እዚያ የተቀረጸ ስስ ቅጠል በጥቂት ዓመት ይላላጣል። የቀሚሱን የኋላ ጥግና የመደገፊያውን ጀርባ ግን ማንም አይነካቸውም፤ ከኋላ የሚመጣ ሰውም አስቀድሞ የሚያየው እነርሱን ነው። ብር ማስገባት ከፈለጉ በዚሁ አካባቢ ጠፍር በሚታሰርባቸው ነጥቦች ላይ ይሁን፤ የጀርመን ብር የሚባለው የመዳብ፣ የኒኬልና የዚንክ ቅይጥ ለመጀመሪያ ሥራ ይበቃል፣ እውነተኛው ብር ደግሞ ኋላ ሊተካው ይችላል።

ሁለት የሥራ ደንብ አለኝ። አንደኛ፣ ማህተም ቆዳን ይለጥጣል፤ ስለዚህ ክፍሉን ከልኩ ሰፋ አድርጌ እቆርጣለሁ፣ ከኋላው ሰፊ ፕላስተር እለጥፋለሁ፣ የመጨረሻውን ቅርጽ የማወጣው ጌጡ ካለቀ በኋላ ነው። ሁለተኛው ከባድ ዋጋ ከፍዬበታለሁ። በመጀመሪያው ኮርቻ የግራውን ጥግ ጨርሼ ከሁለት ሳምንት በኋላ የቀኙን ቀረጽኩ። በመሐሉ የእጄ ችሎታ ተሻሽሎ ነበር፤ ሁለቱ አበቦች የአንድ ሰው ሥራ አይመስሉም። አሁን ግራና ቀኙን ጎን ለጎን አስቀምጬ የግራውን እንደ ቆረጥኩ የቀኙን እቆርጣለሁ፣ የግራውን ጥላ እንደ መታሁ ወደ ቀኙ እዞራለሁ፤ ሁለቱም በአንድ ፕላስቲክ ውስጥ ያድራሉ፣ በአንድ ጠዋት ይገለጣሉ።